ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት

በስትሮክ የተመታ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚደረግለት አብዛኛው ነገር ልኬት ነው። የደም ግፊቱ ይለካል፣ ስኳሩ ይታያል፣ ሙቀቱ ይወሰዳል፣ ሲቲ ስካን ባለበት ሆስፒታል ጭንቅላቱ ይነሳል። ውጤቱ ሁሉ ካርዱ ላይ ይሰፍራል፤ የማታ ተረኛው ሐኪም የቀኑን ሐኪም በአካል ባያገኘው እንኳ አንብቦ ይረዳል። ከዚያ አስታማሚ አጥሚት በፔርሙስ ይዞ ይደርስና "በአፉ መውሰድ ይችላል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ልኬቱ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ነቅቷልና ስጡት ይላል፤ ሌላው ቀስ እያላችሁ ሞክሩ ይላል፤ ሦስተኛው ጥቂት ውሃ በማንኪያ ያቀምስና ሳል ካልሰማ ይፈቅዳል። ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል አቅምሶ፣ ምን አይቶ እንደፈቀደ ግን አይጻፍም። በእኔ እምነት ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። መዋጥ እንደ ደም ግፊት ሁሉ ሊለካ ይችላል፤ ስለዚህም የስትሮክ ሕመምተኛ መዋጡ በታወቀ ዘዴ ተለክቶ ውጤቱ ካርዱ ላይ ሳይጻፍ በአፉ ምንም ነገር፣ ክኒንና የክኒን ማወራረጃ ውሃም ጭምር፣ ሊሰጠው አይገባም።

መዋጥ ቀላል የሚመስለን በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ሳናስበው ስለምናደርገው ነው። አንዲት ጉንጭ ውሃ ወደ ሆድ እንድትወርድ ከ30 የሚበልጡ ጡንቻዎችና አምስት ጥንድ የጭንቅላት ነርቮች ተራቸውን ጠብቀው መሥራት አለባቸው። ጣቱን ማንቁርቱ ላይ አድርጎ ምራቁን የዋጠ ሰው ማንቁርቱ ሽቅብ ብድግ ብሎ ሲመለስ ይሰማዋል። በዚያች አንድ ሰከንድ ገደማ በምትፈጅ ቅጽበት ትንፋሽ ይቆማል፣ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ የማንቁርት ክዳን ይታጠፋል፣ የምግብ ቧንቧው በር ይከፈታል። አየርና ምግብ ጉሮሮ ላይ በአንድ መንገድ መጥተው የሚለያዩ በመሆናቸው፣ ከእነዚህ አንዱ የሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ቢዘገይ ውሃው ወደ አየር ቧንቧ ያመራል። ጤነኛ ሰው ያን ጊዜ ትን ይለዋል፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ይስልና የገባውን ያስወጣል። ትንታ የሚያስጨንቅ ነገር ቢሆንም ሳንባን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ስትሮክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱን አብሮ ይጎዳል፤ መዋጡ ይዘገያል፣ ጉሮሮም የገባበትን ነገር መስማት ያቆማል። ዘበኛው ሲተኛ ሕመምተኛው አጥሚቱን ረጋ ብሎ ይጠጣል፣ አይስልም፣ ፊቱ አይለወጥም፣ አስታማሚውም እፎይ ይላል። ፈሳሹ ግን በየጉንጩ እየተንጠባጠበ ሳንባ ይገባል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳት ይነሳና የሳንባ ምች ይባላል። ከመነሻው አጥሚት ጋር የሚያገናኘው ሰው አይኖርም።

ይህን ትን የማይል ትንታ በዓይን መያዝ የማይቻል መሆኑ በተደጋጋሚ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ አንድ ጥናት ባለሙያዎች በአልጋ አጠገብ ሕመምተኞችን ከመረመሩ በኋላ ሕመምተኞቹ በኤክስሬይ ፊልም ሲታዩ፣ በፊልሙ ላይ ወደ ሳንባቸው ከገባባቸው መካከል በአልጋ አጠገብ ምርመራ የተለዩት 42 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሮዝመሪ ማርቲኖና ባልደረቦቿ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ ከስትሮክ በኋላ የመዋጥ ችግር ያለባቸው ሰዎች ብዛት በመፈለጊያው ዘዴ እንደሚወሰን ታየ። በቀላል ማጣሪያ ከ37 እስከ 45 በመቶ፣ በባለሙያ የአልጋ አጠገብ ምርመራ ከ51 እስከ 55 በመቶ፣ በመሣሪያ ሲታይ ደግሞ ከ64 እስከ 78 በመቶ። ጥናቶቹ በአንድ ዓይነት ሕመምተኞች ላይ ስላልተደረጉ ልዩነቱን ሁሉ ለዘዴው መስጠት አይቻልም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ከዚሁ ሥራ የተገኘው ሌላው ቁጥር የበለጠ ያሳስባል፤ መዋጥ የሚቸግራቸው የስትሮክ ሕመምተኞች በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ሦስት እጥፍ ሲሆን፣ ወደ ሳንባ እንደሚገባባቸው የተረጋገጠው ደግሞ 11 እጥፍ ነው።

ልምድ ያለው ሐኪም ዓይን ይበቃል የሚለውን መከራከሪያ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ልምድን መናቄ አይደለም። የሰለጠነ ዓይን የተዛባ ፊትን፣ የረጠበ ድምፅን፣ ደካማ ሳልን ያያል፤ እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ፍንጮች ናቸው። ነገር ግን የሚፈለገው ነገር የሚሆነው ከአንገት ቆዳ በስተጀርባ ነው፤ ምልክት ካልሰጠ የሚታይ ነገር የለም። ለዘመናት ሲታመንበት የኖረው የጉሮሮ ምርመራ ዕጣም ጥሩ ትምህርት ነው። በምላስ መጫኛ የጉሮሮን ግድግዳ ነክቶ ሰውየው ማቅለሽለሹን ማየት የመዋጥ ደኅንነት ማረጋገጫ ተደርጎ ሲወሰድ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 በላንሴት የታተመ ጥናት ግን በጤነኛ ሰዎች ላይ ይህንኑ ሲሞክር 37 በመቶ ያህሉ ጨርሶ አላቅለሸለሻቸውም፤ መዋጣቸው ግን ምንም አልነበረበትም። ማቅለሽለሽና መዋጥ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ወደ ሳንባ የገባ ጠብታን በአስተማማኝ ሁኔታ አይናገርም። አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግ ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው ከውስጥ ከታየው ጋር ሲመሳከር ነው።

ከውስጥ ማየት ደግሞ ይቻላል። አንደኛው መንገድ ሕመምተኛው ባሪየም የተቀላቀለበት ፈሳሽና ምግብ ሲውጥ በኤክስሬይ ተንቀሳቃሽ ፊልም መቅረጽ ነው፤ ይህን ዘዴ በዓለም ዙሪያ ካስለመዱት ሰዎች ግንባር ቀደሟ አሜሪካዊቷ ጄሪ ሎጅማን ነበረች። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1988 ሱዛን ላንግሞርና ባልደረቦቿ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ ወደ ጉሮሮ ዝቅ ተደርጎ ቀለም የነካው ምግብ ሲዋጥ የሚታይበት ነው። ካሜራው አልጋ ድረስ ይመጣል፣ ጨረር የለውም፤ ጉሮሮው ሲጨመቅ ግን ለቅጽበት ዓይኑ ይጋረዳል። ፊልሙ ሙሉውን ጉዞ ያሳያል፤ ዋጋው ግን ጨረርና ሕመምተኛውን ወደ ራጅ ክፍል ማጓጓዝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ፊልሙንም የሚያነበው ሰው ነው፣ ታዲያ ከግምት በምን ተሻለ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች አንድን ፊልም አይተው የተለያየ ፍርድ እንደሚሰጡ በጥናት ታይቷል። መሣሪያ በራሱ ዳኝነትን አያስተካክልም። መፍትሔው ግን ወደ ግምት መመለስ ሳይሆን የንባቡንም ደንብ ማበጀት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ጆን ሮዘንቤክና ባልደረቦቹ ያወጡት ባለ 8 ደረጃ መለኪያ ሁለት ቀላል ጥያቄዎችን ይጠይቃል፤ የተዋጠው ነገር እስከ የት ወረደ? ሰውየውስ ሊያስወጣው ሞከረ ወይ? 1 ማለት ወደ አየር መንገድ ፈጽሞ አልገባም ማለት ነው። 8 ማለት ከድምፅ አውታሮች በታች ወርዷል፣ ሰውየው ግን ጉሮሮውን እንኳ አልጠረገም ማለት ነው፤ ያ ትን የማይለው ትንታ ቁጥር ተሰጠው። "ትንሽ ገባ መሰለኝ" የሚል ሰው ከሌላው ጋር ሊከራከር ይችላል፤ "8 ነው" የሚል ግን ምን እንዳየ ተናግሯል፣ ሌላው ሄዶ ሊያረጋግጥ ይችላል። ከዚያ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2008 ከከንፈር መግጠም እስከ ምግብ ቧንቧ ድረስ ያለውን በ17 ነጥቦች ከፍሎ የሚመዝን ሥርዓት ተዘርግቷል። የልኬት ጥቅሙ ስህተት አለመኖሩ አይደለም፤ ስህተቱ የሚታይና የሚታረም መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር ነው የሚለው ተቃውሞ በእኛ ዘንድ ቀድሞ የሚነሳው ይመስለኛል። የኤክስሬይ ፊልሙን በየወረዳው ሆስፒታል አንጠብቅ፤ የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያዎቻችንም በጣም ጥቂት ናቸው። ሆኖም የልኬቱ የመጀመሪያ ደረጃ ገንዘብ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1992 የተገለጸው የውሃ ፈተና የሚፈልገው 90 ሚሊ ሊትር ውሃና አንድ ኩባያ ነው። የነቃና ቀጥ ብሎ መቀመጥ የሚችል ሕመምተኛ ውሃውን ሳያቋርጥ እንዲጠጣ ይደረጋል፤ ካቋረጠ፣ ከሳለ፣ ትን ካለው፣ ወይም ድምፁ እንደ ረጠበ ከሆነ ወድቋል። ስቴቨን ሌደርና ዴብራ ሱተር እ.ኤ.አ. በ2008 ይህንኑ ፈተና በ3,000 ሕመምተኞች ላይ ከጉሮሮ ካሜራው ጋር ሲያመሳክሩት ወደ ሳንባ ከሚገባባቸው ውስጥ 96.5 በመቶውን ለይቷል። በማንኪያ ከማቅመስ የሚለየው መጠኑ ነው፤ ጥቂት ጠብታ የማትቀሰቅሰውን ዘበኛ ሳያቋርጥ የሚወርድ 90 ሚሊ ሊትር ብዙ ጊዜ ይቀሰቅሰዋል። ውሃ ሲሰጥ የሚያሰጋው ሕመምተኛ ካለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በኦስትሪያ የወጣው ባለ 20 ነጥብ ፈተና አለ፤ መጀመሪያ ምራቁን፣ ቀጥሎ ወፈር ያለውን፣ ከዚያ ውሃውን፣ በመጨረሻ ዳቦውን በየተራ እየሞከረ በየደረጃው 5 ነጥብ ይሰጣል፤ የወደቀበት ቦታ ላይ ይቆማል። ሁለቱንም የሠለጠነ ነርስ ይሠራቸዋል።

ነርስ ይሠራዋል ማለት ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ለውጥ ማምጣቱም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በ15 ሆስፒታሎች ላይ በታተመ ጥናት፣ በጽሑፍ የተቀመጠ የመዋጥ ማጣሪያ ያላቸው ቦታዎች ላይ የሳንባ ምች የያዛቸው የስትሮክ ሕመምተኞች 2.4 በመቶ ሲሆኑ፣ በሌላቸው ቦታዎች 5.4 በመቶ ነበሩ። በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በ19 የስትሮክ ክፍሎች ነርሶች ትኩሳትን፣ ስኳርንና መዋጥን በደንብ እንዲከታተሉ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ከ90 ቀን በኋላ የሞቱ ወይም የሰው እጅ ጥገኛ የሆኑ ሕመምተኞች ደንቡ በተተገበረባቸው ክፍሎች 42 በመቶ፣ በሌሎቹ 58 በመቶ ነበሩ። ሦስቱ ሥራዎች አንድ ላይ ስለተሠሩ የመዋጡን ድርሻ ለብቻው ነጥሎ ማውጣት አይቻልም፤ የመጀመሪያው ጥናትም ሆስፒታሎችን ከማነጻጸር አላለፈም። ሁለቱም ግን ያለ አንዳች ውድ መሣሪያ የተገኙ ውጤቶች ናቸው። በእንግሊዝ መመሪያ ሕመምተኛው በገባ በ4 ሰዓት ውስጥ፣ ከምግብም ከመድኃኒትም በፊት፣ መዋጡ መታየት እንዳለበት የተደነገገውም በከንቱ አይደለም።

የሚለካው ሰውየው ብቻ መሆን የለበትም፤ የሚሰጠው ምግብም መለካት አለበት። "ወፈር ያለ አጥሚት ስጡት" የሚለው ትእዛዝ በየቤቱ የተለያየ ትርጉም አለው። የአንዷ ወፍራም አጥሚት የሌላዋ ቀጭን ነው። ዓለም አቀፉ የምግብና የመጠጥ ደረጃ ምደባ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ በጣም ያስደስተኛል፤ መሣሪያው መርፌ የሌለው ተራ የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው። ጫፉን በጣት ይዞ እስከ 10 ድረስ ፈሳሹን መሙላት፣ ጣትን ማንሳት፣ ልክ በ10 ሰከንድ መልሶ መድፈን፣ የቀረውን ማንበብ። ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከቀረ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፤ ከ1 እስከ 4 ከቀረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ደረጃ 3፤ ፈጽሞ ካልወረደ በማንኪያ የሚበላ ነው። ስሪንጆች ሁሉ እኩል ርዝመት ስለሌላቸው ከ0 እስከ 10 ያለው መስመር 61.5 ሚሊ ሜትር መሆኑን በማስመሪያ ማየት ብቻ ያስፈልጋል። አጥሚት ሲቀዘቅዝ ስለሚጠነክር ልኬቱ ሕመምተኛው በሚጠጣበት ሙቀት ይደረግ፤ የእህል ጓጓላ ቀዳዳውን እንዳይደፍን ቀድሞ ይጠለል። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ምራቅ የእህልን ስታርች ይሰባብራል፤ ስለዚህ ሕመምተኛው አፍ የገባ ማንኪያ እየተመላለሰ ኩባያው ውስጥ ሲነከር ወፍራሙ አጥሚት ሳይታወቅ ይቀጥናል። ወደ ሌላ ዕቃ ቀንሶ መስጠት ይህን ያስቀራል። ጤፉን፣ ገብሱን፣ አጃውን በልኩ አዘጋጅቶ የየአንዳንዱን ደረጃ የሚያሳይ አንድ ገጽ ማውጣት የምግብ ሳይንስ ተማሪዎቻችን በጥቂት ወራት የሚሠሩት ጉዳይ ነው፤ ለብዙ ሺህ ቤተሰብም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። የውሃው ፈተና ብዙዎችን ያለ ጥፋታቸው ይጥላል። ከላይ በጠቀስኩት ጥናት ምንም ወደ ሳንባ ከማይገባባቸው ሰዎች ያለፉት 48.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ መብላት እየቻሉ ወደቁ። በአገራችን ደግሞ ምግብ መከልከል ቀላል ነገር አይደለም። ጉርሻ የፍቅር ቋንቋችን ነው፤ እናቱ ታማ አልጋ ላይ የወደቀችበት ልጅ ሌላ የሚያደርግላት ነገር ሲያጣ የሚቀረው እጁን ታጥቦ ማጉረስ ነው። ያን እጅ "አቁም" የሚል ሰው ምክንያቱ ከልማድ የጠነከረ ሊሆን ይገባል። እኔም ይህን አምናለሁ፤ ልኬት የሚያስፈልገውም በዚሁ የተነሳ ነው። የማጣሪያ ፈተና ፍርድ አይደለም፤ የወደቀው ሰው ለሁለተኛ ምርመራ የሚቀጠር ሰው ነው። መዋጥ በብዙ የስትሮክ ሕመምተኞች ላይ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ሳምንታት እየተሻለ ይሄዳል፤ ዛሬ የወደቀ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እንደገና ይፈተን። ያለ ልኬት የሚሰጥ ክልከላ ግን ማብቂያ ቀን የለውም፤ "በአፍ አይሰጥ" ተብሎ ተጽፎ ማንም ሳያነሳው ሰው ለቀናት ይጠማል። ሳይለኩ ያበሉት እንደሚጎዳ ሁሉ ሳይለኩ የከለከሉትም ይጎዳል። ሕመሙ የማይመለስ ደረጃ ላይ ደርሶ፣ አደጋውን አውቆ፣ የሚወደውን ምግብ መቅመስ የሚመርጥ ሰውም ምርጫው ይከበርለት፤ አውቆ መምረጥ ግን አደጋው ምን ያህል እንደሆነ የነገረው ሰው ሲኖር ነው።

በአፉ ለተከለከለ ሰው በአፍንጫ የሚገባው የመመገቢያ ቱቦም ነገሩን ሁሉ አይዘጋውም። ቱቦ ምግብን ያሳልፋል እንጂ ምራቅን አያስቀርም፤ ምራቅ ከነጀርሙ መውረዱን ይቀጥላል። ላንግሞርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሥራ፣ በአረጋውያን ላይ የሳንባ ምችን ቀድመው ከሚጠቁሙት ነገሮች መካከል በሰው እጅ መመገብ፣ አፍን በራስ ማጽዳት አለመቻልና የተበላሹ ጥርሶች ብዛት ጎልተው ወጥተዋል፤ የመዋጥ ችግር ብቻውን ሰውን ለምች አልዳረገም። ስለዚህ ቱቦ የገባለትን ሰው አፍ ማጽዳትን አስታማሚው ሊማር፣ ነርሷም በካርዱ ላይ ልትመዘግበው ይገባል። ንጹሕ ጨርቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ጥቂት ውሃና ቀና ያለ አንገት በቂ ናቸው። ከመፋቂያ ባህል ለመጣ ሕዝብ ይህ እንግዳ ትምህርት አይሆንም።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ እንዲህ ብናደርግ እመርጣለሁ። ስትሮክ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አንድ ፈተና ይምረጥ፤ የውሃውም ይሁን ባለ 20 ነጥቡ፣ ዋናው ሁሉም ተረኛ ያንኑ መሥራቱ ነው። ትላልቆቹ ሆስፒታሎች የአንገት በላይ ክፍሎቻቸው ውስጥ ያለውን ቀጭን ካሜራ ለዚህ ሥራ በሳምንት አንድ ቀን ይመድቡ፤ ድምፁ ለጎረነነ ሰው የሚገባው ካሜራና ቀለም የነካ ምግብ ሲዋጥ የሚያየው ካሜራ አንድ ነው፣ የሚጨመረው ባለ 8 ደረጃውን መለኪያ የተማረ ሰው ነው። ከሁሉ በፊት ግን ለነርሷ ሥልጣን ይሰጣት። ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሐኪሙ በሌላ አልጋ ተጠምዶ ሳለ ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አስፕሪን ከውሃ ጋር እንዲሰጥ የታዘዘች ነርስ ኩባያውን አንስታ ፈትና፣ ሕመምተኛው ሲወድቅ ክኒኑን ይዛ፣ በቱቦ ወይም በፊንጢጣ የሚሰጥበትን መንገድ እንድትጠይቅ ደንቡ ከጎኗ ይቁም። ካርዱ ላይ ከደም ግፊቱና ከስኳሩ በታች አንድ መስመር ብቻ ይጨመር፤ መዋጥ፣ የተለካበት ሰዓት፣ ያለፈ ወይም የወደቀ፣ የሚፈቀደው ደረጃ፣ እንደገና የሚፈተንበት ቀን። አስታማሚው ፔርሙሱን ይዞ ሲገባ መልሱን ከዚያ መስመር ያነባል።